የካምፕ ቢላዋ

የካምፕ ቢላዋ በድንኳን በሚታደርበት፣ በእግር በሚኬድበትና ከሱቅም ሆነ ከመጠገኛ ርቆ በሚዋልበት ቦታ ለልዩ ልዩ ሥራ የሚያገለግል የእጅ መሣሪያ ነው። ምግብ ለማዘጋጀት፣ ገመድ ለመቁረጥ፣ የድንኳን ካስማ ለመቅረጽ፣ እንጨት ለመሰንጠቅና ለእሳት ማቀጣጠያ ፍላጭ ለማውጣት ይጠቅማል። ለከባድ ሥራ የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ የማይታጠፍ ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም በሚታጠፍ ቢላዋ ላይ ደካማው ቦታ ማጠፊያው ነው።

የካምፕ ቢላዋ ብርታት በአራት ነገሮች ይወሰናል፦ በተሠራበት የአረብ ብረት ዓይነት፣ ብረቱ በሙቀት በጠነከረበት መንገድ፣ በውፍረቱና በስለቱ ቅርጽ። በገበያ ላይ ጎልተው የሚጻፉት የብረቱ ስምና የውፍረቱ ቁጥር ናቸው። ሁለቱ ብቻቸውን ግን ቢላዋው በሥራ ላይ ምን እንደሚሆን አይናገሩም። ወፍራም ሆኖ ስለቱ ቶሎ የሚሸረፍ ቢላዋ አለ፤ ቀጭን ሆኖ ለዓመታት የሚያገለግልም አለ። ከሰው መንደር ርቆ የሚሰበር ቢላዋ ሥራ ከማስተጓጎል አልፎ እጅን ሊያቆስል ስለሚችል፣ ምርጫው በእነዚህ ነገሮች መካከል ያለውን ግንኙነት መረዳትን ይጠይቃል።

## ክፍሎች

በዚህ ጽሑፍ «ስለት» የሚባለው የሚቆርጠው ጠርዝ ነው። ከስለቱ ተቃራኒ ያለው ወፍራሙ ጠርዝ «ጀርባ» ይባላል፤ የቢላዋ ውፍረት ሲነገር የሚለካው ጀርባው ነው። ወደ እጀታው የሚገባው የብረቱ ክፍል «ጭራ» ነው። ጭራው የእጀታውን ርዝመትና ስፋት ሙሉ በሙሉ ሲይዝ ቢላዋው ሙሉ ጭራ አለው ይባላል።

ቀጭን ወይም አጭር ጭራ ያለው ቢላዋ ለመቅረጽና ለመቁረጥ በቂ ነው። ነገር ግን በዱላ ሲመታ ወይም ሲጠመዘዝ ጭነቱ የሚበረታው ብረቱ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። በዚህ ቦታ ማዕዘኑ ሹል ሆኖ ከተቆረጠ ኃይሉ አንድ ነጥብ ላይ ስለሚከማች ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል። ክብ ሆኖ የተሠራ ማዕዘን ይህን አደጋ ይቀንሳል። በጀርባው ላይ የሚወጡ የመጋዝ ጥርሶችና ጥልቅ ቁርጦችም በተመሳሳይ ምክንያት ቢላዋውን ያዳክማሉ።

## የአረብ ብረት ባሕርያት

አረብ ብረት በዋነኛነት የብረትና የካርቦን ውህድ ነው። ለቢላዋ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 1.5 በመቶ ገደማ ካርቦን ይይዛል። እንደ ዓይነቱም ክሮሚየም፣ ማንጋኒዝ፣ ሞሊብዲነምና ቫናዲየም ይጨመሩበታል። ብረቶች ሲነጻጸሩ የሚታዩት ዋና ዋና ባሕርያት የሚከተሉት ናቸው።

ጥጥርነት ብረቱ ሲጫኑት ላለመሰርጎድ ያለው አቅም ነው። የሚለካው በሮክዌል ሲ መለኪያ ሲሆን፣ ሾጣጣ የአልማዝ ጫፍ በ150 ኪሎ ግራም ጭነት ብረቱ ላይ ተጭኖ የገባበት ጥልቀት ይታያል። የመለኪያው ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ከጠየቁት ከሂውና ከስታንሊ ሮክዌል ነው። አብዛኞቹ የካምፕ ቢላዎች ከ55 እስከ 61 ባለው መካከል ይገኛሉ። ጥጥርነቱ በጣም ካነሰ ስለቱ ይታጠፋል፤ በጣም ከበዛ ይሸረፋል።

ስብራት የመቋቋም አቅም ብረቱ ድንገተኛ ምት ሲያርፍበት ሳይሰነጠቅ ኃይሉን የመሸከም ችሎታ ነው። በቤተ ሙከራ የሚለካው ናሙናውን በሚወዛወዝ መዶሻ በመምታት ሲሆን፣ ዘዴው በፈረንሳዊው ጆርጅ ሻርፒ ስም ይጠራል። በአንድ ዓይነት ብረት ላይ ጥጥርነት ሲጨምር ይህ አቅም ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ከባድ ቅዝቃዜም ይቀንሰዋል።

ስለት የመያዝ አቅም ቢላዋው ሳይደንዝ ምን ያህል እንደሚቆርጥ ያሳያል። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ የሚገኘው ካትራ የተባለው የምርምር ተቋም ይህን ለመለካት ሲሊካ የተቀላቀለበት ወረቀት የሚቆርጥ መሣሪያ ይጠቀማል። አቅሙ የሚመጣው ከጥጥርነት፣ ከስለቱ ማዕዘንና በብረቱ ውስጥ ካሉ ካርባይድ የሚባሉ ደቃቅ ጠጣር ቅንጣቶች ነው። ካርባይዶቹ ሲበዙና ሲተልቁ ስለቱ ይቆያል፤ ነገር ግን ስንጥቅ የሚጀምርባቸው ቦታዎችም እነሱ ስለሆኑ ብረቱ ለምት ይደክማል።

ዝገት የመቋቋም አቅም የሚመጣው በዋነኛነት ከክሮሚየም ነው። ክሮሚየም በብረቱ ገጽ ላይ እጅግ ስስ የሆነ መከላከያ ሽፋን ይፈጥራል። የሼፊልዱ ሃሪ ብሬርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 ባቀለጠው የክሮሚየም ብረት የማይዝግ ብረትን በማስተዋወቅ ይታወቃል።

ሁሉንም ባሕርያት በከፍተኛ ደረጃ የያዘ ብረት የለም። አንዱ ሲጨመር ሌላው የሚቀነስ በመሆኑ አመራረጡ በሚሠራው ሥራ ላይ ይመሠረታል። እንጨት በዱላ እየተመታ ለሚሰነጠቅበት ቢላዋ ስብራት የመቋቋም አቅም ይቀድማል፤ ምክንያቱም የደነዘ ስለት በድንጋይ ይሳላል፣ የተሰበረ ቢላዋ ግን ሜዳ ላይ አይጠገንም።

## በሙቀት ማጠንከር

የብረት ስም የሚነግረው በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ብቻ ነው። ባሕርዩ የሚወጣው በእሳት ነው። ተራ የካርቦን ብረት ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከጋለ በኋላ ዘይት ውስጥ በመንከር በፍጥነት ሲቀዘቅዝ፣ ማርቴንሳይት የተባለ እጅግ ጠጣር ቅርጽ ይይዛል። በዚህ ደረጃ ብረቱ እንደ መስታወት ተሰባሪ ስለሆነ ከ180 እስከ 230 ዲግሪ ገደማ እንደገና ይሞቃል። ሁለተኛው ሙቀት ጥቂት ጥጥርነት ወስዶ ስብራት የመቋቋም አቅምን ይመልሳል። የማይዝጉ የቢላዋ ብረቶች ከመነከራቸው በፊት 1,050 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ በተራ የከሰል ምድጃ በትክክል ለማጠንከር ያስቸግራሉ።

ከመጠን በላይ የጋለ ብረት ውስጣዊ ቅንጣቱ ይተልቅና ተሰባሪ ይሆናል። ሁለት ቢላዎች አንድ ዓይነት የብረት ስም ኖሯቸው አንደኛው ሲታጠፍ ሌላው የሚሰበረው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በሚገባ የጠነከረ ርካሽ ብረት በደንብ ካልተያዘ ውድ ብረት የተሻለ ቢላዋ ይወጣዋል።

## ዋና ዋና የብረት ዓይነቶች

### የካርቦን ብረቶች

በአሜሪካ አጠራር 1095 በሚለው ስም ውስጥ «10» ተራ የካርቦን ብረት መሆኑን፣ «95» ደግሞ 0.95 በመቶ ገደማ ካርቦን መያዙን ያመለክታል። በቀላሉ ይሳላል፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ለከባድ ሥራ በሚዘጋጁ ቢላዎች ላይ ጥጥርነቱ ብዙውን ጊዜ ከ55 እስከ 58 ባለው ውስጥ እንዲቆይ ይደረጋል። ዋና ጉድለቱ ቶሎ መዛጉ ነው።

5160 ወደ 0.6 በመቶ ካርቦንና ከ0.7 እስከ 0.9 በመቶ ክሮሚየም አለው። ለመኪና ባሌስትራ የሚውል ብረት ሲሆን፣ ምትን በመቋቋም ከ1095 ይበልጣል። ስለት በመያዝ ግን መካከለኛ ነው። 52100 የኩሽኔታ ብረት ነው፤ 1 በመቶ ካርቦንና 1.5 በመቶ ክሮሚየም ይዞ ደቃቅ ካርባይዶች ስላሉት ጥሩ ስለት ይቀበላል። ሦስቱም ይዝጋሉ።

### የመሣሪያ ብረቶች

ዲ2 ብረት 1.5 በመቶ ካርቦንና 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው። ክሮሚየሙ ብዙ ቢመስልም ከፊሉ በካርባይዶቹ ውስጥ ስለሚታሰር ሙሉ በሙሉ የማይዝግ አይደለም። ስለት በመያዝ ጎበዝ ነው፤ ካርባይዶቹ ትላልቅ ስለሆኑ ግን በምት ይሸረፋል።

ሲፒኤም 3ቪ በዱቄት ብረት ዘዴ የሚሠራ ነው። የቀለጠው ብረት በጋዝ ተረጭቶ ዱቄት ከሆነ በኋላ በሙቀትና በግፊት ተጨምቆ አንድ ይሆናል፤ በዚህም ካርባይዶቹ ደቃቅና እኩል የተበተኑ ይሆናሉ። 0.8 በመቶ ካርቦን፣ 7.5 በመቶ ክሮሚየምና 2.75 በመቶ ቫናዲየም ይዞ ምት መቋቋምንና ስለት መያዝን ያጣምራል። ዋጋው ከፍተኛ ነው፤ እርጥበት ባለበት ቦታም መጠነኛ እንክብካቤ ይሻል።

### የማይዝጉ ብረቶች

በስዊድን የሚሠሩት 12ሲ27 እና 14ሲ28ኤን ወደ 0.6 በመቶ ካርቦንና ከ13 እስከ 14 በመቶ ክሮሚየም አላቸው። ካርባይዶቻቸው ደቃቅ ስለሆኑ ስስ ስለት ይይዛሉ፤ ከማይዝጉት መካከልም ለምት የተሻሉ ናቸው። 14ሲ28ኤን ጥቂት ናይትሮጅን ስለተጨመረበት ዝገትን በይበልጥ ይቋቋማል። 440ሲ እስከ 1.2 በመቶ ካርቦንና ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮሚየም ያለው የቆየ ብረት ነው። ኤስ30ቪ 4 በመቶ ቫናዲየም ይዞ ስለቱን ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል፤ ሆኖም በዱላ ለሚመታ ቢላዋ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። የቫናዲየም ካርባይድ ከተለመደው የመሳያ ድንጋይ ቅንጣት ስለሚጠጥር ለመሳልም የአልማዝ መሳያ ይመረጣል።

| ብረት | ስብራት መቋቋም | ስለት መያዝ | ዝገት መቋቋም | ለመሳል |
|---|---|---|---|---|
| 1095 | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | በጣም ቀላል |
| 5160 | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | በጣም ቀላል |
| 52100 | ጥሩ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ቀላል |
| ዲ2 | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ | አስቸጋሪ |
| ሲፒኤም 3ቪ | ከፍተኛ | ጥሩ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| 14ሲ28ኤን | ጥሩ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ቀላል |
| 440ሲ | ዝቅተኛ | ጥሩ | ከፍተኛ | መካከለኛ |
| ኤስ30ቪ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ከፍተኛ | አስቸጋሪ |

ሰንጠረዡ ብረቶቹ ለቢላዋ በሚሰጣቸው የተለመደ ጥጥርነት ላይ የተመሠረተ ጠቅላላ ንጽጽር ነው።

## ውፍረት

ቢላዋ በጎኑ ሲጫኑት መታጠፍን የሚቋቋመው በውፍረቱ ኩብ ልክ ነው። ማለትም ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን መታጠፍን መቋቋሙ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ክብደቱ ግን የሚጨምረው በውፍረቱ ልክ ብቻ ነው። የሚከተለው ሰንጠረዥ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ወደ ስለት ከመሞረዱ በፊት ያለውን ሁኔታ ያሳያል።

| ውፍረት | ክብደት | መታጠፍን መቋቋም (ከ3 ሚሊ ሜትር አንጻር) |
|---|---|---|
| 3 ሚሊ ሜትር | 84 ግራም | 1 |
| 4 ሚሊ ሜትር | 112 ግራም | 2.4 |
| 5 ሚሊ ሜትር | 140 ግራም | 4.6 |
| 6 ሚሊ ሜትር | 168 ግራም | 8 |

የብረቱ ዓይነትም ሆነ ጥጥርነቱ በዚህ ስሌት ላይ ያለው ተጽዕኖ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሁሉም አረብ ብረቶች በመጀመሪያው ጭነት የሚለጠጡት በተቀራራቢ መጠን ነው። ስለዚህ «ጠጣር ብረት ስለሆነ አይታጠፍም» የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። የብረቱ ዓይነትና ጥጥርነት የሚወስኑት ቢላዋው ምን ያህል ከታጠፈ በኋላ ወደ ቦታው መመለስ እንደሚያቅተው ወይም እንደሚሰበር ነው።

በተጨማሪም ወፍራም ቢላዋ ለመታጠፍ ብዙ ኃይል ቢፈልግም፣ አንዴ ከታጠፈ ገጹ ላይ የሚፈጠረው መወጠር ከቀጭኑ ይበልጣል። ቀጭን ቢላዋ ጎብጦ ሊመለስ በሚችልበት ማዕዘን ወፍራሙ ጎብጦ ሊቀር ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ከደካማ ብረት የተሠራን ቢላዋ በውፍረት ብቻ ማዳን የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ውፍረት ሲጨምር የመቁረጥ ችሎታ ይቀንሳል። ድንች ወይም ካሮት በ6 ሚሊ ሜትር ቢላዋ ሲቆረጥ ከመቆረጥ ይልቅ ይሰነጠቃል፤ እንጨት መቅረጽም ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። በሌላ በኩል እንጨት ለመፍለጥ ወፍራም ጀርባ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ስንጥቁን ይከፍታል።

## የስለት ቅርጽ

ከጀርባው ውፍረት ይልቅ ለመቁረጥ ወሳኙ ልክ ከስለቱ በላይ ያለው ውፍረት ነው። 5 ሚሊ ሜትር ጀርባ ኖሮት እስከ ስለቱ ድረስ በአንድ ወጥ እየሳሳ የሚሄድ ቢላዋ፣ ግማሽ ድረስ ብቻ ከሳሳ የ4 ሚሊ ሜትር ቢላዋ የተሻለ ሊቆርጥ ይችላል። በብዛት የሚታዩት ቅርጾች አራት ናቸው።

* ወጥ ጠፍጣፋ፦ ከጀርባው እስከ ስለቱ በቀጥታ ይሳሳል። ለምግብም ለእንጨትም የሚስማማ ነው።
* የስካንዲኔቪያ ቅርጽ፦ ጎኖቹ ቀጥ ብለው ወርደው ስለቱ አጠገብ በአንድ ሰፊ ተዳፋት ይሳላሉ። ለመቅረጽ ምቹ ነው፤ ተዳፋቱ በድንጋዩ ላይ ስለሚያርፍ ጀማሪም በትክክል ሊስለው ይችላል።
* ሆደ ጎድጓዳ፦ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳሉ። ስለቱ ስስ ስለሆነ ለከባድ ምት አይመከርም።
* ሆደ ነፊ፦ ጎኖቹ ወደ ውጭ ይነፋሉ። ከስለቱ በስተጀርባ ብዙ ብረት ስለሚተርፍ ምትን ይቋቋማል።

## የታወቁ ምሳሌዎች

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮች ክፍል (ማሪን) እ.ኤ.አ. በ1942 የተቀበለው ካ-ባር ቢላዋ እጀታውን ሳይጨምር ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው። ዛሬም ከ1095 ቤተሰብ በሆነ ብረት፣ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ኖሮት ይሠራል። የስዊድኑ ፋልክኒቨን ኤፍ1 ለአገሪቱ አየር ኃይል አብራሪዎች የተመረጠ ሲሆን 4.5 ሚሊ ሜትር ውፍረትና ሆደ ነፊ ስለት አለው። መሐሉ ላይ ያለው ጠጣር ቪጂ-10 ብረት ግራና ቀኙ በለስላሳ የማይዝግ ብረት ተደርቧል፤ ጠጣሩ ስለት ሲይዝ ለስላሳው ስብራትን ይከላከላል።

የስዊድኑ ሞራክኒቭ ጋርበርግ 3.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ሲኖረው፣ ከ14ሲ28ኤን ብረት የተሠራና ሙሉ ጭራ ያለው ነው። የዚያው ድርጅት ርካሽ ቢላዋ የሆነው ኮምፓኒየን 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እነዚህ ምሳሌዎች ለካምፕ የሚታመን ቢላዋ የግድ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር መሆን እንደሌለበት ያሳያሉ።

## ከባሌስትራ የሚሠሩ ቢላዎች

በኢትዮጵያ ቀጥቃጮች ያረጀ የመኪና ባሌስትራ እየቆረጡ ቢላዋ፣ ገጀራና ልዩ ልዩ የእርሻ መሣሪያ ይሠራሉ። የባሌስትራ ብረት ብዙ ጊዜ ከ5160 ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ ለጠንካራ ቢላዋ ተስማሚ ነው። ሆኖም ሁሉም ባሌስትራ አንድ ዓይነት አይደለም። ለዓመታት ጭነት ሲሸከም የኖረ ብረትም ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል፤ ስንጥቁ ሲቀጠቀጥ አይጠፋም።

ልምድ ያለው ሠሪ ብረቱ ለመነከር መድረሱን ከሚያውቅባቸው መንገዶች አንዱ ማግኔት ነው፤ አረብ ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መያዙን ያቆማል። ከእንዲህ ዓይነት ሠሪ ቢላዋ የሚገዛ ሰው ብረቱ ከተነከረ በኋላ እንደገና መሞቁን መጠየቅ ይኖርበታል። ተነክሮ ብቻ የቀረ ቢላዋ ሲወድቅ ሊሰበር ይችላል።

## አመራረጥ

* ለምግብና ለመቅረጽ፦ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ስስ ስለት፣ ለመሳል የሚቀል ብረት።
* ለጠቅላላ የካምፕ ሥራ፦ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ ከ10 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ሙሉ ጭራ። እርጥበት ባለበት 14ሲ28ኤን፣ ደረቅ በሆነበት 52100 ወይም 1095 ይስማማል።
* ለከባድ ሥራ፦ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ እንደ 5160 ወይም 3ቪ ያለ ምት የሚችል ብረት፣ ወጥ ጠፍጣፋ ወይም ሆደ ነፊ ቅርጽ።
* ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ፦ ለመፍለጥ ብቻ ከሆነ ትንሽ መጥረቢያ ሥራውን በተሻለ ሁኔታ ይሠራል።

በቢላዋው ላይ «የማይዝግ» ብቻ ተጽፎ የብረቱ ዓይነት ካልተገለጸ ስለ ጥራቱ የሚታወቅ ነገር የለም። ማግኔት መያዙም ሆነ አለመያዙ መልስ አይሆንም፤ ለቢላዋ የሚውሉት የማይዝጉ ብረቶች ማግኔት ይይዛቸዋል።

## አያያዝና ጥንቃቄ

በዱላ እየተመታ እንጨት ሲሰነጠቅ ስለቱ ከእንጨቱ ክር ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ጉጥ ያለበትና ክሩ የተጠማዘዘ እንጨት ቢላዋውን በጎኑ ስለሚጠመዝዘው መተው ይሻላል። የሚመታበት ዱላ ከእንጨት መሆን አለበት፤ በመዶሻ ወይም በድንጋይ መምታት ጀርባውን ይሰነጥቃል። የተቀረቀረን ቢላዋ ወደ ጎን እያወዛወዙ ማውጣት ጫፉንና ጭራውን ለስብራት ያጋልጣል።

ቢላዋን እሳት ውስጥ መክተት ማጠንከሪያውን ያበላሻል። በሚሽከረከር የመሳያ ድንጋይ ያለ ውኃ ሲሳል ስለቱ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው፤ በካርቦን ብረት ላይ ያ ቦታ ለስልሶ ቶሎ ይደንዛል።

የካርቦን ብረት ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ሽንኩርት ከቆረጠ በኋላ ወዲያው ታጥቦ መድረቅና ስስ ዘይት መቀባት ይፈልጋል። ከጊዜ በኋላ የሚይዘው ግራጫ ቀለም ጉዳት የለውም፤ ቀይ ዝገት ግን መወገድ አለበት። የቆዳ አፎት እርጥበት ስለሚይዝ ቢላዋው ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ከአፎቱ ወጥቶ ቢቀመጥ ይመረጣል።